በአሮጌ የመስክ ተሽከርካሪ ላይ የሚታይ የሞተር ዘይት ፍሳሽ፤ ምንጩን አጣርቶ ስለማወቅ

እንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ አነስተኛ የገበያ ከተማ ናት። በቀድሞው የአስተዳደር አከፋፈል በሸዋ ክፍለ ሀገር በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር የነበረች ሲሆን፣ ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ትገኛለች። በአንድ ወገን የዘቢዳር ተራራ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሌላው ወገን ምድሩ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል እያዘቀዘቀ ይሄዳል። በርበሬውና በቆሎው የሚበቅልበት ይኸው ረባዳ ምድር ዝናብ ሲያጥረው ለችግር የተጋለጠ በመሆኑ፣ የእህል ዕደላ ተቆጣጣሪዎችና የሰብል ዳሳሾች ይመላለሱበታል። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ገበሬው መንደር የሚያስገባው መንገድ በበጋ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ፣ በክረምት ጎማ የሚውጥ ጭቃ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የዕደላ ወቅት በዚችው ከተማ ያጋጠመው ጉዳይ ለትምህርቱ መነሻ ሊሆን ይችላል። ቡድኑ የያዘው ተሽከርካሪ በጨረታ የተገዛ፣ ብዙ ዓመት ያገለገለ ባለ ናፍጣ ላንድ ክሩዘር ነበር። ማለዳ ላይ ሾፌሩ መኪናውን ከቆመበት ጥቂት ወደፊት ሲያንቀሳቅሰው፣ ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ቦታ ትይዩ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር የዘይት ምልክት መሬቱ ላይ ታየ። ነገሩን አሳሳቢ ያደረገው የምልክቱ መታየት ብቻ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያው ቦታ ተመሳሳይ ምልክት ታይቶ፣ አንድ ጋራዥ «የኋላው ኦይል ሲል አልቋል» ብሎ ካምቢዮውን አውርዶ፣ ፍሪሲዮኑን ፈትቶ፣ ሲሉን ለውጦ ነበር። መኪናው ዘጠኝ ቀን ቆመ፤ ሒሳቡም ተከፈለ። በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሊጣራ ይገባው የነበረው የሁለት ቀበሌ የተረጂዎች ስም ዝርዝር ሳይጣራ በመቅረቱ፣ ስማቸው ያልተመዘገበ ቤተሰቦች የዚያን ወር ራሽን ሳይቀበሉ ከማደያው ተመለሱ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ዘይቱ እንደገና በዚያው ቦታ ይንጠባጠብ ነበር።

በዕርዳታ ሥራ ውስጥ ተሽከርካሪ ከእህሉ ያላነሰ ዋጋ እንዳለው በዚህ መስክ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአሰብ ወደብ የደረሰው እህል በፍጥነት ወደ መሐል አገር እንዳይገባ ካደረጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የማጓጓዣ እጥረት ነበር። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ በፈቃዱም ያለ ፈቃዱም፣ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ ሲሰፍር፣ መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት ቆላ አንድ የመስክ መኪና መቆም ምን ማለት እንደሆነ በዚያ የሠሩ ሁሉ ያስታውሱታል። በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ዕርዳታ ፈላጊ በሆነ ጊዜም ከባድ መኪናው እህሉን ማደያው ድረስ ቢያደርስ እንኳ፣ ለማን እንደሚታደል የሚያጣራው ሠራተኛ የሚሄደው በአሮጌ ላንድ ክሩዘር ወይም በአሮጌ ላንድ ሮቨር ነበር። ስለዚህ ስለ ዘይት ፍሳሽ የሚቀርብ ትምህርት ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም። «ካምቢዮው ይውረድ» የሚለውን የጥገና መጠየቂያ የሚፈርመው የጽሕፈት ቤቱ ኀላፊ ነውና፣ ከመፈረሙ በፊት ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል።

ዋናው ነገር ዘይት የታየበት ቦታና ዘይት የወጣበት ቦታ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ከሞተሩ አናት የወጣ ዘይት በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። መኪናው ሲሄድ ደግሞ በራዲያተሩ በኩል የሚገባው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለሆነም የትም ይውጣ የት፣ አብዛኛውን ጊዜ ተጠራቅሞ የሚንጠባጠበው ከሞተሩ በታችና በስተኋላ፣ ካምቢዮው ከሚጀምርበት አካባቢ ነው። ይህ ቦታ የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ኦይል ሲል የሚገኝበት በመሆኑ ጥፋቱ ሁሉ በሲሉ ላይ ይለጠፋል። ሲሉ ራሱ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ እሱ ዘንድ ለመድረስ የሚፈሰው ጉልበትና ጊዜ ግን እጅግ ብዙ ነው። በተቃራኒው በቫልቭ ክዳኑ ሥር ያለውን ጋስኬት ለመለወጥ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ከቀላሉና ከላይኛው ጀምሮ ወደ ከባዱ መውረድ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈሰው ነገር የሞተር ዘይት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ባለ አራት ጎማ ጉተታ መኪና በሆዱ ሥር ብዙ ዓይነት ፈሳሽ ይሸከማል። ማታ መኪናው ሲቆም ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ዘርግቶ ማሳደርና ጠዋት ጠብታውን በቀለም፣ በሽታና በጣት መካከል አሽቶ መመርመር በቂ ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከጥቂት ቀናት አገልግሎት በኋላ በጥላሸት ይጠቁራል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ወፈር ያለ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ማር ቀለም የሚያደላ፣ የድኝ ሽታ ያለው ነው። የመሪው ዘይት በብዙ መኪናዎች ቀይ ነው። ናፍጣ በሽታው ይታወቃል፤ የፍሬን ዘይት ቀጭን ሲሆን ቀለም የማስለቀቅ ጠባይ አለው። የፍሬን ዘይት ሆኖ ከተገኘ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው፤ በብዙ ጽሕፈት ቤቶች የሚዘነጋውም ይኸው ነው። የዘይቱ ልክ ሁልጊዜ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ይለካል፤ ልኩ ከኪሎ ሜትሩ ጋር በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፋል። የዘይት ጠብታ መጠኑ ቢለያይም ከ20 እስከ 30 የሚሆነው ተጠራቅሞ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል። እንግዲህ ሞተሩ ሲሠራ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል መኪና በሰዓት 360 ጠብታ፣ ማለትም ከ12 እስከ 18 ሚሊ ሊትር ይጥላል፤ በ10 ሰዓት ጉዞ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ይህ መሬት ላይ ሲታይ እጅግ ያስደነግጣል፤ ሆኖም በዘይት መለኪያው ላይ ባሉት በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው መጠን በብዙዎቹ ትልልቅ ሞተሮች አንድ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በመሆኑ፣ እየለኩና እየጨመሩ የጀመሩትን ሥራ መፈጸም ይቻላል። በሌላ በኩል መሬት ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ እየታየ ከመለኪያው ላይ በሳምንት ሁለት ሊትር የሚጎድል ከሆነ፣ ዘይቱ በአብዛኛው እየተቃጠለ ነው፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስ መመልከት ያስፈልጋል። የዘይቱ ልክ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ናፍጣ ወይም ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህ ከማንኛውም ፍሳሽ የከፋ ስለሆነ ሞተሩ ፈጽሞ መነሳት የለበትም።

የፍሳሹን ምንጭ ለማግኘት ሞተሩ መታጠብ አለበት። የዓመታት ዘይትና አቧራ ተጋግሮ የያዘው ሞተር ምንም አይናገርም። በእንሴኖ አካባቢ ውኃ ለሰውም የሚቸግርበት ጊዜ ስላለ በርሜል ሙሉ ውኃ ማፍሰስ የሚመከር አይደለም። በትንሽ ናፍጣ የተነከረ ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ሥራው ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ሲጋራና እሳት በሌለበት ቦታ መከናወን አለበት፤ አልተርኔተሩና የአየር መሳቢያው በላስቲክ ይሸፈናሉ። መኪናው ከፍ ከተደረገ ደግሞ በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሰው ከሥሩ መግባት የለበትም። ሞተሩ ጸድቶ ከደረቀ በኋላ በሚጠረጠሩት ቦታዎች ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰነሳል። ታልክ ፓውደር ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘም ከትምህርት ቤት የሚለመን ጠመኔ ተፈጭቶ ሊያገለግል ይችላል። (የዕርዳታ ዱቄት ለዚህ ሥራ አይውልም፤ ይህን መጻፍ ያስፈለገው ሲሞከር ስለታየ ነው።) ከዚያም ሞተሩ ተነስቶ እስኪሞቅ ድረስ ይሠራል፤ መኪናው 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ኮፈኑ ይከፈታል። ዘይቱ በነጩ ዱቄት ላይ የሄደበትን መንገድ ጽፎ ይገኛል። በዘመናችን ዘይቱ ውስጥ ተጨምሮ በልዩ መብራት የሚያበራ ቀለም በየከተማው ይሸጣል፤ ላገኘው ሰው ሥራውን ያቀልለታል፤ ለመስክ ጣቢያ ግን ጠመኔው ይበቃል። የአካባቢው አቧራ ራሱም ረዳት ነው፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ዘይት በነካው ቦታ ሁሉ ስለሚጣበቅ፣ አዲሱ ጭቃ ከየት እንደሚጀምር ወደ ላይ እየተከተሉ መሄድ ይቻላል።

ፍተሻው ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ ይካሄዳል። የዘይት መሙያው ክዳንና የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት መጀመሪያ ይታያሉ። የቫልቭ ክዳኑ የኋላ ጠርዝ በዓይን የማይታይ በመሆኑ በእጅ መስታወትና በእጅ ባትሪ መፈለግ፣ ወይም ንጹሕ ጨርቅ በጣት ጠቅልሎ ማዳሰስ ያስፈልጋል። በብዙዎቹ ባለ ናፍጣ ቶዮታዎች ላይ ከአልተርኔተሩ ጀርባ የሚገጠመው የፍሬን ቫክዩም ፖምፓ በሞተር ዘይት የሚለሰልስ ስለሆነ፣ ወደ እሱ የሚሄዱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ሲያረጁ ያፈስሳሉ። የዘይት ግፊት መብራቱን የሚያበራው ትንሽ ማብሪያ ሰውነቱ ሲሰነጠቅ በግፊት የሚወጣው ዘይት ብዙ ቦታ ያዳርሳል፤ ዋጋው ግን ከአንድ ጎማ ጥገና ብዙም አይበልጥም። የዘይት ፊልትሮው ሲለወጥ የአሮጌው ጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ቢታሰር፣ ዘይቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተሟጦ ሞተሩን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ፍሳሹ የጀመረው ከቅርብ ጊዜ አገልግሎት በኋላ ከሆነ በመጀመሪያ የሚታዩት ፊልትሮውና የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ናቸው። ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ በላንድ ክሩዘር ላይ በተገጠመው በ4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዚ ሞተር የፊት ሲሎች የሚያፈሱት ዘይት የታይሚንግ ቀበቶውን የሚነካ ከሆነ ጉዳዩ ለነገ አይባልም፤ ዘይት የነካው ቀበቶ ዕድሜው ያጥራል፤ ቀበቶው ሲበጠስ የሚጎዳው የሞተሩ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ መካኒኮች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፤ እሱም የሞተሩ መተንፈሻ ነው። በፒስተኖቹ ዙሪያ እያመለጠ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባ ጋዝ በማንኛውም ሞተር ውስጥ ይኖራል፤ የሚወጣውም በመተንፈሻው ቧንቧ ነው። ቧንቧው በአቧራና በዘይት ጭቃ ከተደፈነ፣ ወይም የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀው ጋዙ ከመጠን በላይ ከበዛ፣ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት ደካማ በሆነው ሲልና ጋስኬት በኩል ዘይቱን እየገፋ ያስወጣዋል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አዲስ ሲል መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱም በወሩ ያፈስሳል። መፈተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈትና አፉ ላይ ስስ የላስቲክ ጓንት ይደረጋል። ጓንቱ በጉልህ ተወጥሮ ከቆመ መጀመሪያ መተንፈሻው ይጽዳ። ጸድቶም ጓንቱ የሚወጠር ከሆነ ጥያቄው ስለ ሲል መሆኑ ቀርቶ ስለ ሞተሩ ዕድሜ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ከላይ ያለው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ የኋላው ሲል ይጠረጠራል። በዚህ ረገድ የቀድሞዎቹ ላንድ ሮቨሮች ለመርማሪው ይመቻሉ። በ2.25 ሊትር ሞተራቸው በስተኋላ፣ ፍላይዊሉን የያዘው ቤት ከታች በኩል ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው የሚደፈነው መኪናው ጥልቅ ውኃ በሚሻገርበት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሌላው ጊዜ ክፍት ሆኖ ወደዚያ ቤት የገባ ዘይት እንዲንጠባጠብ ያደርጋል። ከቀዳዳው የሚወርደው ጥቁር ከሆነ ከሞተሩ፣ የድኝ ሽታ ያለው ከሆነ ከካምቢዮው ነው። በክረምት ወንዝ ለመሻገር ቡሎኑን አስገብቶ እስከ ጥር ድረስ የሚረሳ ሾፌር ዘይቱን እዚያው አጠራቅሞ ፍሪሲዮኑን ያስነክረዋል፤ ከዚያም መኪናው ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ሲል «ፍሪሲዮን አለቀ» ይባላል። በነዚሁ ሞተሮች ላይ በመጨረሻው የክራንክ ሻፍት ኩሽኔታ ክዳን ግራና ቀኝ የሚገቡት የ«ቲ» ቅርጽ ያላቸው ማሸጊያዎችም ሲደርቁ የኋላውን ሲል መስለው ያፈስሳሉ።

ከጥገና ስሕተቶች መካከል በብዛት የሚታየው የሚያፈሰውን ክዳን ቡሎን በኀይል ማጥበቅ ነው። ጋስኬቱ ቡሽ ከሆነ ይፈረከሳል፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ ይጎብጣል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ጋስኬትም አይረዳውም። ሁለተኛው በሲሊኮን መለሰን ነው። ወደ ውስጥ የተረፈው ሲሊኮን እየተቆረጠ በዘይት ገንዳው ውስጥ ያለውን የፖምፓ ወንፊት ሊደፍን ይችላል። ፍሳሽ ያቆማል ተብሎ የሚሸጠውን መድኃኒት በተመለከተ፣ የደረቀ የጎማ ሲልን ለጊዜው ሊያለሰልስ ቢችልም፣ የተቀደደ ጋስኬትን የሚሰፋ ፈሳሽ ግን እስካሁን አልተሠራም።

ኀላፊው መወሰን ያለበት መኪናው ይውጣ ወይስ ይቁም የሚለውን ነው። የሚያልብ ሞተር፣ ማለትም እርጥበት ታይቶበት ጠብታ የማይጥል፣ ተመዝግቦ ይሠራል። የሚንጠባጠብ ሞተር በየማለዳውና በየእኩለ ቀኑ እየተለካ፣ መጠባበቂያ ዘይት ተጭኖለት ይወጣል። የሚፈስ ሞተር አይወጣም። ከዚህ ውጭ መጠኑ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን መኪናውን ማቆም የሚያስገድዱ ሁኔታዎች አሉ። ዘይቱ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ እሳት ያስነሳል፤ በደረቅ ሣር መካከል የቆመ መኪና ቢቃጠል ከሰውና ከንብረት ሌላ የገበሬውን ክምር ይዞ ይሄዳል። ፍሪሲዮኑ ወይም የታይሚንግ ቀበቶው ዘይት የነካው መኪናም እንዲሁ ይቆማል። በጉዞ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ «ቀጣዩ መንደር ድረስ» የሚባል ነገር የለም፤ ሞተሩ እዚያው ይጠፋል።

አሮጌ መኪና በጨረታ የሚገዛ ኮሚቴ ደግሞ ሞተሩ ተወልውሎ የሚያበራውን መኪና በጥርጣሬ ይመልከተው። ያልታጠበ ሞተር ያለውን ችግር ይናገራል፤ ትናንት የታጠበ ግን አፉ ተይዟል። ሻጩ ከፈቀደ ግማሽ ሰዓት ነድቶ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት አቁሞ ከሥሩ ማየት ተገቢ ነው፤ ካልፈቀደም ይኸው ራሱ መልስ ነው።

ወደ እንሴኖው ላንድ ክሩዘር እንመለስ። ሾፌሩ ከከተማው ያመጣቸው በዕድሜ የገፉ መካኒክ ከመኪናው ሥር አልገቡም፤ ኮፈኑን አስከፍተው ንጹሕ ጨርቅ ጠየቁ። «ጋሼ፣ የሚያፈሰው ከታች ነው» ቢላቸው፣ «አውቃለሁ ልጄ፤ የሚወርደው ግን ከላይ ነው» ብለው ጨርቁን በቫልቭ ክዳኑ የኋላ ጠርዝ ሰደዱት። ጨርቁ ጠቁሮ ወጣ። ጋስኬቱ በዚያ በኩል ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር፤ ዘይቱ በቴስታታው ጀርባ ወርዶ በካምቢዮው ቤት ላይ ሲጓዝ ከኋላው ሲል የወጣ ይመስል ነበር። አዲስ ጋስኬት በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በሕዝብ ማመላለሻ መጣ። ክዳኑን ፈትቶ፣ ጠርዙን አጽድቶ፣ አዲሱን መግጠም ሁለት ሰዓት ፈጀ። የመተንፈሻው ቧንቧም አብሮ ጸዳ፤ ግማሹ በጭቃ ተደፍኖ ነበር። ቡድኑ በነጋታው ወደ ሁለቱ ቀበሌዎች ወጥቶ የቀሩትን ስሞች መዘገበ። ማታ ከመኪናው ሥር በተዘረጋው ካርቶን ላይ በማለዳ አንዲት ጠብታ ብቻ ተገኘች፤ ቀለሟ የማር፣ ሽታዋ የድኝ ነበር። በመዝገቡ ላይ «የካምቢዮ ዘይት፤ አንድ ጠብታ» ተብሎ ተጻፈ።